አራተኛው ምስክር

ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ጠብ ስበላ፣
የጽሕፈት መኪናዬ አንድ ጥርሱ ወልቆ፣
«ር» የሚሉት ፊደል ተፍቆ ተፍቆ አልቆ፣
ፍርድ ብል «ፍድ» ይላል፣ ውርስ ብል «ውስ» ብሎ፣
ብር ሳይቀር «ብ» ሆኖ ይወጣል ጎድሎ።
እኔም በእስክሪብቶ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣
ክፍተቱን እሞላለሁ ገጽ በገጽ አይቼ።

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲወግር፣
ትርንጎ አስረስ መጣች ከሳሙና በር።
ከነጠላዋ ጫፍ ውኃውን ጨምቃ፣
ወረቀት ዘረጋች ከፌስታል አላቃ።
«ጀንበሬ ወንድሜ ከሰሰኝ» አለችኝ፣
«በሐራጅ ይሸጥና ድርሻዬን ነው የሚለኝ።
ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ጌሾና ኩሽና፣
ለሁለት አይገመስ፣ ቢነኩት ይወድቃልና።
ጃንተከል ዋርካ ሥር ሦስት እሑድ ተቀመጥን፤
ሽማግሌ ለመነ፤ ባዶ እጃችንን ተነሣን።
አራት ዓመት ሙሉ እናቴን ሳገላብጥ፣
ቁስሏን ሳጥብ ሳደርቅ፣ ሌሊት ስቀመጥ፣
እሱ መተማ ነበር፤ አልጠየቃት አንድ ቀን።
ለቀብሯ ሲመጣ ቆጠረ ቆርቆሮውን።
ኑዛዜ ግን አለኝ፣ በእናቴ ጣት አሻራ፣
ሦስት ሽማግሌ የፈረመ በየተራ።»

ገለጥኩት። አነበብኩ። እጄ ደንዝዞ ቀረ።
በየ«ር»ው ቦታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረ።
አንገቷን የደፋች፣ ጭራዋ የረዘመ፣
የእኔው የእጄ ፊደል ከወረቀቱ አዘመመ።

ያን ማታ አራተኛው ከአዘዞ ቀረና፣
ባጃጅ አጥቶ ይሁን፣ መሸበት መሰለኝና፣
ወይዘሮ ዝማም ትንፋሿ እያጠረ፣
ጣቷ ቀለም ነክቶ አየር ላይ እየቀረ፣
«ሦስት ሰው ይበቃል፤ እግዜር አራተኛ»
ብዬ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ፣ ሄድኩኝ ልተኛ።
ሕጉ ግን እግዜርን ምስክር አይቆጥርም፤
አራት ሰው ካላየው ኑዛዜ አይሠምርም።
እኔው ብፈርም እንኳ አራት እንሆን ነበር፤
ፈራሁ፤ ምስክር ሆኖ ችሎት ለችሎት መዞር።

ትርንጎ አልለየችኝም፤ ያን ማታ ጓዳ ነበረች፣
በእርጥብ እንጨት ጭስ ውስጥ ለእናቷ ውኃ ስታሞቅ ቆየች።

ጀንበሬንም አውቃለሁ።
ባለፈው ኅዳር፣ ከዚህችው ዱካ ላይ ተቀምጦ፣
«የሰባት ወር ደመወዝ» አለኝ፣ አሠሪውን ሊከስ መጥቶ፤
ሰሊጥ አጭዶ፣ ነዶ አስሮ፣ በወባ ተመቶ።
«ውል አለህ ወይ?» ብለው
መዳፉን አሳየኝ፣ ሁለቱንም ዘርግቶ።
ስንጥቅጥቁን አየሁት። ስንጥቅ ግን ማኅተም የለውም።
አብረውት ያጨዱት ተበትነው፣ አንድም ሰው አልመሰከረም።
መዝገቡ ተዘጋ።
ከዚያ ነው መሰለኝ የእናቱን ጣራ የቆጠረ፤
ተበድሮ የመጣበት የአውቶቡስ ዋጋ እንኳ ነበረ።
እሷ ይህን አታውቅም። እሱም የቁስሉን ሽታ አያውቅም።
ሁለቱንም የማውቅ እኔ ነኝ፤
በገጽ ነው የምከፈል።

«ይጸና ይሆን ጋሼ?» አለች።
መልስ አልሰጠሁም፤ ወረቀት አጎረስኩ ለመኪናው፦

    ለጎንደር ከተማ ወረዳ ፍድ ቤት
    ተከሳሽ፦ ትንጎ አስስ
    አድራሻ፦ ሳሙና በ
    ጉዳዩ፦ ስለ ውስ

ቀስ እያልኩ መታሁት፣ ጣቴ እንደ ሽማግሌ እያነከሰ።
ሦስቱን ስም ደረደርኩ። አራት ብዬ ቁጥር ጻፍኩ።
ቁጥሩ ብቻውን ቆመ፣ ከፊቱ ነጭ ወረቀት።

ገጹን ስቤ አወጣሁ፤ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።
ፍርድን ሞላሁ። ስሟን ሞላሁ። በሩን ሞላሁ። ውርስን ሞላሁ።
«ምስክ» የሚለው ጋ ስደርስ
ቀለሙ አለ፤ እጄ ነው የደረቀ።
ዝናቡ ጋብ ብሏል።
ከችሎቱ በር ላይ አስጠሪው የሌላ ሰው ስም ይጠራል።

«ጨረሱ?» አለችኝ፣ ሳንቲሟን እየቆጠረች።