ዋናው ቅጂ

ከድልድዩ ሽቅብ፣ ከጥርስ ሐኪሙ በላይ፣
ደረጃው ከሚያቃስት አሮጌ ፎቅ ላይ፣
ሰነድ ተርጓሚ ነኝ።
ልደትና ፍቺ፣ የሞት ወረቀት ሲያመጡልኝ
በገጽ አስከፍላለሁ፤ ዕድሜው ምን ቸገረኝ።

ረቡዕ ማታ አንድ ተማሪ፣ ዝናብ ያራሰው፣
ከወፍራም መዝገብ ኮፒ ያስነሣውን አንድ ገጽ አቀበለኝ፤
«ለመመረቂያዬ ነው፣ ለዓርብ አድርሺው።»

ኦባድያ ክራንዴል፣ የኦሃዮ ሰው።
ተወለደ፣ ይላል፣ ከቆዳ ፋቂ ቤት፤
ቀን ቆዳ ሲያለፋ፣ ማታ ሕግ ሲማር፣
ተመረጠ፣ ይላል፣ ዋሽንግተን ሸንጎ ገባ፤
ደግሞ ተመረጠ፤
በሦስተኛው ወደቀ፤
ወፍጮ ቤቱን ሊጠብቅ ካገሩ ተመለሰ፤
ሞተ፣
ተቀበረ።
አሥራ አንድ መስመር። ነጥቡ ሳይቀር ቆጠርሁ።

ሚስት የለችም እዚያ። ሳል የለም። ዕዳ የለም።
ሰው በጨረታ በሚሸጥበት ዘመን
እጁን አውጥቶ እንደሆን፣ አጎንብሶ እንዳለፈ፣
ገጹ አይናገርም።

«መቀመጫውን አጣ» ብዬ ጻፍሁና
ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሰረዝሁት እንደገና።
«ወንበሩን ተነጠቀ»? ማን ነጠቀውና!
ደግሞ ያ ቃላችን፣ እንደራሴ የሚሉት፣
እንደ ራሴ ሆኖ ይናገርልኝ ያሉት፤
እኔን ሊመስል ሄዶ፣ ከርሞ ሲመለስ፣
ማንን መስሎ ይሆን ከደጄ የሚደርስ?

ይኼኔ ትዝ አሉኝ አቶ ናደው ቅጣው።
አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ ከሚከራይበት ጥግ፣
ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በባርኔጣቸው ጥላ፣
የእጅ ሰዓታቸውን በምክር ቤቱ ሰዓት እያስተካከሉ
የሥራ ማስታወቂያው ሳይቀር ያነባሉ።
በስድሳ አንድ ገቡ፣ ከይፋት ተመርጠው፤
በስድሳ አምስት ደገሙ፤
አንድ ቀን ተነሥተው ስለ ጀውሃ ወንዝ ተናገሩ፣
ክረምት ሲሞላ ሰው ስለሚበላ፣ ስለ አንድ ድልድይ።
«በጥናት ላይ ነው» ተባሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።
በስድሳ ሰባት መስከረም በሩ ተቆለፈ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሄድሁ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ።
ሚስት? አልኋቸው።
«ጌጤነሽ» አሉ። «ጻፊያት፤
ድልድዩን ያስለመነችኝ እሷ ናት፤
ወንድሟን ውሃው በልቶባታል።»
ዕዳ?
«የጋዜጣ፣ የሁለት ቀን ኪራይ።»
ድልድዩስ?
መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጠረጉት።
«በጥናት ላይ ነው።»
ከታች አንድ ባዶ መስመር ነበር፣ ሞተ የሚባልበት፤
በጣታቸው ነኩት፤
ወደ ምክር ቤቱ ሰዓት ቀና አሉና፣
«ገና ነው» አሉኝ።

ዓርብ ተማሪው መጣ፤
ሁለት ገጽ ሰጠሁት፣ ያንዱን አስከፈልሁት።
አገላብጦ አየና፣
«የዚኛውስ» አለኝ፣ «ዋናው ቅጂ የት ነው?»

በመስኮቱ፣ ወደ ዳገቱ አሳየሁት።
«አራት ኪሎ ናቸው፤ ጋዜጣ ተከራይተዋል።
ሳይመልሱት ድረስባቸው።»