የደቂቃ ሻጭ

ደቂቃ ነበር የምሸጠው።
ሰው ሽንኩርት በኪሎ፣ ጨርቅ በሜትር ሲሸጥ፣
እኔ ፈረንጅ አራዳ፣ ከወርቅ ሠሪው ጎን፣
ጊዜ እቸረችር ነበር፣ በሃያ አምስት ሳንቲም ተመን።

ስምንት ወንበር፣ ስምንት ሆደ ትልቅ ስክሪን፣
አንድ ቀጭን ገመድ ከምሰሶው፣
ዝናብ ሲነካው የሚያስነጥሰው።
የጅማን ሰማይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣
የሐምሌን ሥራ ግንቦት ላይ የሚጀምረውን።

በዲቪ ሰሞን ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ፤
ወደ እኔ የመጣ እግር ለዳቦ ጋጋሪው ሆነ ሀብቱ።
ውጤት የወጣ እንደሆን የካምፓስ ልጆች በሌሊት፣
በሩን በቡጢ፦ «ጋሽ ናስሩ! ክፈት!»
አንዲት እናት ከቆጪ፣ ሻሿን አስተካክላ፣
«ታየኛለች ልጄ?» ትለኛለች፣ ካሜራው ፊት ቀጥ ብላ።
ሰዓት ቆጣሪ ነኝ፤ የእሷን ግን አላይም፤
ጅዳ ላይ ሰው እያለቀሰ ደቂቃ አይቆጠርም።

ሌባ አልገባብኝም። እሳት አልበላኝም።
መዳፍ የምታህል ነገር ናት፣
መጀመሪያ በነጋዴ ልጅ ኪስ ውስጥ የገባች፣
ቀጥላ በባጃጅ ነጂው፣ ቀጥላ በጫት ሻጯ ጉያ፣
በመጨረሻም የገዛ ሚስቴ፣ የሩቂያ፣
ትራስ ሥር አድራ የተገኘች።
«የሌሊት ፓኬጅ ነው» አለችኝ፣ «በጣም ርካሽ።»
ምን ልበላት? አልጋዬ ላይ ደንበኛ ተቀማሁ።

ብልጠት አልጠፋኝም። ዋይፋይ በወረቀት ሸጥኩ፣
የሚስጥር ቁጥር ጽፌ፣ በመቀስ ቆራርጬ፣
ሰዓቱን በአሥር ብር።
ልጆቹ በሬ ላይ ተኮለኮሉ፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከየቤታቸው ይዘው።
በሳምንቱ አንዱ ቁጥሩን ለአርባ ጓደኛው አደለው፤
አሥር ብር ገባ፤ መስመሬ አነከሰ።

ደግሞ ሌላ ካምፓኒ መጣ፣
አጂፕ ጋ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ሲም ከነቲሸርቱ።
ያኛው ዋጋ ቀነሰ፣ ይኼኛው ከሱ በታች ወረደ፤
ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚረገጠው ሣሩ ነው ይባላል፤
ሣሩ እኔ ነኝ፣ እሺ።
ግን የቆጪዋ እናት አሁን ልጇን በየማታው ታያለች፣
ቀሚሷን ሳትቀይር፣ እግሯን ዘርግታ።
ታዲያ በየትኛው አፌ ልራገም?

ስድስቱን ስክሪን ለቆራሌው ሰጠሁ፤
ደቂቃ የሸጥኩባቸውን፣ በኪሎ መዘነልኝ።
በቀሩት ሁለቱ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣
መብራት ካለ።

የዱቤ ደብተሬን ግን አልሸጥኩም።
ጫፉ ተልቷል፤ አይጥ ቀምሶታል።
«ሚልኪያስ፣ የዳውሮው፣ ሃምሳ ደቂቃ» ይላል አንዱ መስመር፣
ከዚህ በታች ፊርማ፣ እንደ ትል የተጠቀለለ።
ምን ያህል ክረምት አለፈበት? አልቆጠርኩም።

ማክሰኞ ለታ ስልኬ ጢን አለች።
ብር ተልኮልኛል።
«ጋሽ ናስሩ፣ የዚያች ሌሊት ሂሳብ ነው።
ማለፌን ያየሁባት። ዘገየሁ፣ ይቅርታ።»
አሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ። ሳንቲሟ አልጎደለች፣ አልተጨመረባት።

ሳቅሁ፤ ሩቂያ ከጓዳ ብቅ እስክትል ሳቅሁ።
ያኔ ምሳ ነበረች ይህቺ ገንዘብ፤
ዛሬ አንድ ዳቦ ገዝታ ሁለተኛው ፊት ታፍራለች።
የመጣችበት መንገድ ደግሞ ያቺው ናት፣
ሱቄን ያዘጋችኝ፣ መዳፍ የምታህለው።
በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና «ከፍሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ወንበሮቹ ሊሾውን ቆፍረውታል፤
ወለሉን ሳጥብ ውሃው እነሱ በነበሩበት ይቆማል፣
ስምንት ጊዜ አራት፣ ሠላሳ ሁለት ኩሬ።
ዛሬ ጠዋት የሚልኪያስ የትኛው እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ፤
በመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው ይመስለኛል።
ሌላውን በጨርቅ አደረቅሁ።
እሱን ተውኩት።