ጉም ነበር

የሐምሌ ማክሰኞ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣
ሱሉልታን ጉም ወርሷት፣
አጥሩ የለ፣ ዛፉ የለ፣ የወተት ማኅበሩ ሰሌዳ የለ፤
ገደሉ ግን አለ፤
ያለበት ቦታ ነው እንጂ ያልታወቀ፣
የት ጋ እንደጀመረ፣ የት ጋ እንዳለቀ።

ደቻሳ ሞተሩን አስነሥቶ ቆየ፣
መስታወቱን በእጅጌው ወልውሎ አየ።
ከኋላ አርባ ቢዶን ወተት በገመድ ታስሯል፣
አዲሱ ገበያ ላይ ደንበኛ ይጠብቃል፤
እኔ ረዳቱ ጋቢና ውስጥ እግሬን በርዶኛል፣
"ዛሬስ ፈጠን በል" እንድለው ምላሴን በልቶኛል።

አጭሩን መብራት አበራ።
"ረጅሙስ?" አልኩት።
"ረጅሙን ብትለቅበት ጉሙ ነው የሚበራ፤
ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ከግድግዳ ጋር ምን ሥራ?"
አለና በሁለተኛ ማርሽ፣ በሃያ፣
ጭነት እንደከበዳት አህያ
መንገዱን ተያያዝነው።
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሬዲዮኑን ዘጋ፤
"ዓይን ሥራ ሲፈታ ጆሮ ነው የሚነዳ፣ ዝም በል እስኪነጋ።"
የአስፋልቱን ዳር መስመር እንደ ክር ያዛትና
ክንድ ክንድ እየጠቀለለ ሄደ፣ በጥሞና።

ከኋላ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን ነፋ፣
መብራቱ ስፖኪዮአችንን በነጭ ደፋ።
ደቻሳ ዳር ያዘለት።
ሰውዬው ጎናችን ሲደርስ አንገቱን አስግጎ
"አባ! ሬሳ ነው የጫንከው?" አለና አለፈን፣ ስቆ።
"ገና አልጫንኩም" አለ ደቻሳ፣ ለራሱ ነው፣ ቀስ ብሎ።
ቀይ መብራቱ ነጥብ ሆነ፣ ቀጥሎ ነጥቡም የለም፤
እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁበት በጣም።

ከዚያ፣ ከመታጠፊያው እልፍ እንዳልን፣
ጉሙ አንዲት ልጅ ወለደ።
ላስቲክ የተከናነበች፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት፣
ጥጃ በገመድ ስትስብ፣ ጥጃዋ እንቢ ብላት፣
መሐል አስፋልት ላይ እግሯን ተክላባት።
ፍሬን።
ቢዶኖቹ አንዴ ተንኳኩ።
ቆምን።
በእኛ አፍንጫና በጥጃዋ ጎን መካከል
አንድ ክንድ ቢሆን ነው፣ ምናልባት ከክንድ ጎደል።
ልጅቷ ወደ እኛ እንኳ ዞራ አላየችም፤
ጥጃዋን ነው የተቆጣች፤ ጎተተች፣ ተሻገረች፣
ጉሙ መልሶ ዋጣት።
ይኸው ነው። ምንም አልሆነም።

ደቻሳ እጁን መሪው ላይ ጥሎ ትንሽ ቆየ።
እኔ በሆዴ ሃያን ትቼ አርባን አሰብኩ፣ ስድሳን፣
ፍሬን ተይዞ የት ጋ እንደምንቆም፣ በልጅቷ ወዲያ ስንት ርምጃ፤
ሒሳቡ አስጠላኝና ተውኩት ሳልፈጽም።

አዲሱ ገበያ ጉሙ ገለጥ ብሏል፣ ወይዘሮ ዘርፌ ግን ጠቁራ፣
"አርባ ደቂቃ!" አለች፣ ሰዓቷን እየቆጠረች፣ በር ላይ ተገትራ።
ከሒሳቡ ቀነሰች። ደቻሳ አልተከራከረም፤
"ጉም ነበር" አለ እንጂ ስለ ልጅቷ አላነሣም።
ምን ብሎስ ይነግራታል?
ያልደረሰ አደጋ ምስክር አይቆምለትም፣
ዕድር አይጠራበትም፣ ድንኳን አይተከልለትም።

አይሱዙውን ከዚያ ወዲህ አላየሁት።
በሰላም ገብቶ ይሆናል።
ብዙውን ጊዜ ይገባሉ፤
ክፋቱም እሱ ነው።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ጾም፤ ወተቱ ግማሽ፣ ጉሙ ሙሉ።
ደቻሳ ቁልፉን ሲያዞር፣ አፉን ሳይከፍት ገና፣
እጄን ሰደድኩና
ሬዲዮኑን ዘጋሁት።