መንጠቆው የት ነው?

በጋሊሲያ፣ ጥር ላይ፣ ዝናብ አግድም ይዘንባል፤
ሠላሳ ጥንድ ቦቲ ከደጃፉ ተኮልኩሏል።
ባሕሩ እስኪሸሽ ድረስ፣ ዛጎል ለቃሚዎቹ
ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል ሴቶቹ፤
እጃቸው ጨው የበላው፣ ጉልበታቸው ያበጠ፤
ፊታቸው የቆምኩት እኔ፣ ድምፄ የተቆራረጠ።

የማኅበሩ ኮምፒዩተር ዕድሜው አሥራ አንድ ነው፤
ባለፈው ወር ገጹ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «አርጅቷል፣ ጣለው፤
አዲስ ካልገዛችሁ ከእንግዲህ አላውቃችሁም።»
ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው፤ ሳል እንኳ የለበትም።

«ስርዓተ ክወና ማለት…» ብዬ ጀመርኩ፤
አንዷ አዛጋች፣ አንዷ ሹራብ መሥሪያዋን አወጣች፣ አቆምኩ።

ያኔ ኤሩንዲና፣ የሰባ አንድ ዓመቷ ሒሳብ ያዥ፣
እርሳሷን ከጆሮዋ ነቅላ ቀሰረችው ወደኔ፦
«የሳቤላ ልጅ፣ ስማ፤ ከዓሣ አጥማጅ ጋር ነው ያለፈው ዘመኔ፤
በነጻ የሚጣል ምግብ አላየሁም ከባሕር፤
መንጠቆ አለው ውስጡ። የዚህስ? መንጠቆው የት ነው፣ ተናገር!»

አዳራሹ ሳቀ።
«‹በነጻ› አላልኩም፤ ‹ነጻ› ነው ያልኩት፤
ልብ በዪልኝ፣ ያቺን ‹በ› ነው አውቄ የዋጥኩት።»

ከዚያ ስለ ኮድ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ቫይረስ ለፈለፍኩ፤
እንደ መኪና ሞተር፣ እንደ ሾርባ አሠራር እያልኩ አመሳሰልኩ።
ምንም። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ፣ ውኃው ላይ ነበር።

«ቆይ፣» አለች ኤሩንዲና፤ «ይሄ ዳርቻ የማነው?»
«የማንም!» አለች አንዷ። «የሁላችንም ነው።»
«ጨቅላ ዛጎሉን ማነው የሚዘራው?» «እኛ፣ ሁላችን።»
«ሌሊት በባትሪ ከሌባ የሚጠብቀው?» «እኛ፣ በተራችን።»
«አንዱ መጥቶ አጥር አጥሮ፣ ‹በኪራይ ልቀሙ› ቢለን?»
መልሱን አልጽፈውም፤ ቄሱ አባ ሎይስ እንዳያነቡብን።

«እንግዲህ፣» አለች፤ «ይሄ ልጅ የሚለው ይሄንኑ ነው፤
ዳርቻ ነው። ሰው የዘራው፣ ሰው የሚጠብቀው።
ሌባ ቢገባ ዓይን ብዙ ነው፣ የሚሸሸግበት ጥግ የለም፤
‹አርጅተሻል፣ ውጪ› ብሎ የሚያባርርሽ ጌታ አይመጣም።
ቆፍረሽ ታያለሽ፤ የተበላሸ ካለ ታነሺያለሽ፤
የወሰድሽውን ያህል ባትችዪ፣ እፍኝ ትመልሻለሽ።»

ሃያ ደቂቃ ያቃተኝን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

እውነቱን ልናገር፤ ሁሉም ነገር አልሰመረም፤
ማተሚያው ሦስት ቀን አኮረፈ፤ ደረሰኝ አልወጣም።
የምደውልለት ሻጭ የለ። ተሳደብኩ። ሌሊት ለማላውቀው ሰው ጻፍኩ፤
ሞንቴቪዴዮ ያለች አንዲት ነርስ ሦስት መስመር መለሰች፤ ጨመርኩ፤
ማተሚያው አጉረመረመና ወረቀት ተፋ።
«ስንት ከፈልካት?» «ምንም።»
ገቢም አይደል፣ ወጪም፤ ከኤሩንዲና ደብተር ላይ ዓምዱ ጠፋ።

በመጋቢት፣ ኮምፒዩተሩ በጋሊሲያኛ ሲያናግራት
(ልጅ ሳለች በዚሁ ቋንቋ ብትመልስ መምህሯ በማስመሪያ የመታት)
መነጽሯን ወለወለች፦ «ይሄ ቃል የኛ አይደለም፤
የከተማ ሰው ነው የጻፈው፤ እኛ ለመዝጋት እንዲህ አንልም።»
«እንግዲያ አርሚው፣» አልኳት። ጣቷ ቀጥ አለ አየር ላይ፦
«እኔ?»
«አንቺ። ዳርቻው ያንቺም አይደል ወይ?»

አርባ ደቂቃ ፈጀባት አንዲት ቃል ለመጻፍ፣
በአንድ ጣት፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ከፊደል ፊደል ስታልፍ።
የማናውቃቸው ሰዎች ሳምንት መረመሩት፣ ተከራከሩበት፤
ከዚያ ተቀበሉት።

ዛሬ ባሕሩ ሸሽቷል፤ ሴቶቹ አሸዋው ላይ ጎንበስ ብለዋል።
በስንት ቤት፣ በስንት ክፍል፣ የማታውቃቸው ልጆች
ሥራቸውን ጨርሰው ይዘጋሉ በእሷ ቃል።
ይሄን ስነግራት ጭቃውን ከእጇ አራገፈች፤
«እፍኝ መለስኩ ማለት ነው፣» አለች፤
መቆፈሪያዋን አነሳች።