ባዶ ወረቀት

ቅዳሜ አመሻሽ ነው፤ ቡንደ ላይ ካፊያ ይጥላል፤
የፎስኩለር ትምባሆ ቤት ደወል አንዴ ጮሆ ዝም ይላል።
ከኋላው ጓዳ አራት ወንበር፤ የአንዱ እግር በካርቶን ተደግፏል፤
ሉበርት እዚያ ላይ ነው፤ አርባ ዓመት ቅጠል ጠቅልሏል፤
አውራ ጣቱ እንደ ጫማ ቆዳ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል።

እኔ ከሣንቃ ፋብሪካው፣ ፀጉሬ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣
ገና ሳልቀመጥ፣ «ና፣ ዛሬስ ወንድ ትሆናለህ!» አለ።

ከሳጥን ጥቁሩን መዘዘ፤ ወፍራሙን፣ ወዝ ያለውን፤
«ይኼ ነው ሲጋር ማለት፤ ተው ያንን ገለባውን!»
ሳብኩ።
መጀመሪያ ዝግባ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ የተቆላ ለውዝ፤
ከዚያ አንድ ነገር ተነሣ፣ ከምላሴ ሥር ቀስ ብሎ ሲጓዝ።
ኮሶ ነው? እሬት ነው? ግራዋ ነው? ሦስቱም ባንድ ዋንጫ፤
ጉሮሮዬ ላይ ተገትሮ፣ መግቢያም ነሣኝ መውጫ።

ሳልኩ። ሳቁ። «ወተት ስጡት!»
ሉበርት የኔኑ ሲጋር ተቀብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበና፣
«ቸኮላት! ቁንዶ በርበሬ! እርጥብ አፈር!» አለ፣ እንደ ምስጋና።

አንድ ሲጋር። ሁለት አፍ።
ለእሱ ቸኮላት የሚያነብ፣ ለእኔ ምን ብሎ ነው እሬት የሚጽፍ?

ጌዚነ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ጭስ አትወድም፤
ለጨዋታው ነው የምትመጣ፤ ያለ እሷ ጓዳው አይሞቅም።
ከቦርሳዋ ብልቃጥ አወጣች፤ ውስጡ ቀጫጭን ወረቀት፤
«ምላሳችሁ ላይ አድርጉ፤ ማስመሰል የለም፤ በእውነት።»

የኔው ወዲያው ነደደ። ተፋሁት። ውሃ ጠየቅሁ።
«ይኼማ የሲጋሩ እናት ነው!» አልሁ።
ፎስኩለር ፊቱን በትንሹ፣ ሎሚ እንደነካው ቋጠረ፤
ሉበርት አላመጠ፤ ጠበቀ፤ ግራና ቀኝ አዞረ፤
«ወረቀት ነው» አለ።
ደግሞ ጠበቀ።
«ባዶ ወረቀት።»

«አዎ» አለች፤ «አንዱ ምላስ ለመራራ በሩን ከፍቶ ያድራል፤
የሌላው ከውልደቱ ተቀርቅሯል፤ ቢያንኳኳም እንግዳው ያልፋል።
ጀግንነት አይደለም፣ ሉበርት፤ ከእናት ካባት ነው።»

ሲጋሩ ጠርዝ ላይ ብቻውን አመዱን አረዘመ።
ሽማግሌው ወለሉን እያየ ዝም እንዳለ ከረመ።
ያ ወንድነት ያልነው፣ አርባ ዓመት ያስከበረው፣
የደንቆሮ ጆሮ ኖሯል፤ ነጎድጓድ የማያስደነግጠው።

ላጽናናው አፌን ስከፍት፣
«ዊብከ» አለ። ሚስቱ ናት። «የክረምት ጎመን ስሠራላት
'መረረኝ' ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተቆጣኋት።
'ኩራት ነው፣ ንቀት ነው፣ የቅምጥል ልጅ ነገር' እያልኩ፣
ሳህኗን ሳትጨርስ እንዳትነሣ እስከመከልከል ደረስኩ።»

ከብልቃጡ አንድ ለመነ። እንደ ፎቶ፣ በኪስ ቦርሳው፣
ከአውቶቡስ ቲኬቱ ጋር ከተተው፤ ኮቱን ከመስቀያው አነሣው።
«እሷ ስትተፋው ልየው» ብሎ፣ ሳይሰናበት ወጣ፤
ደወሉ ጮኸ፤ በበሩ ሥር የጥቅምት ብርድ መጣ።

እኔ ከሳጥኑ ያልተለኮሰ ጥቁር አንድ አነሣሁ፤
በደረቁ፣ ከአፍንጫዬ ሥር፣ ቀስ አድርጌ አዞርሁ፦
ዘቢብ፤ የፈረስ ጋጣ ድርቆሽ፤ ያረጀ የመጽሐፍ ቆዳ።
ፎስኩለርን «ስንት ነው?» አልሁት። ዓይኑን በመነጽሩ ላይ ሰቀለው፤
«ልታጨሰው?»
«የለም። ላሽትተው።»