ምዕራፍ አራት

ከቢሮ የመጣው መመሪያ ይላል፦
«ተማሪው እፍጋትን በልኬት ያስረዳል።»
ሲሊንደሩ ግና ከሣጥኑ የለም፤
ሚዛኑ ዝጎብኝ ከዜሮ አይነሳም።
አርባ ስምንት ልጆች፣ ሦስት መጽሐፍ ይዘን
ከሽምብጥ ወረድን በጭቃው አድርገን።

ጋሽ እንድሪስ ታንኳውን
ከድንጋይ አስደግፎ ፀሐይ ያስመታል።
«ጧት ጧት ለብቻዬ ነው የምሸከመው፤
ሲመሽ ግን ለአራት ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ነው።»

ዝም ዝም።
ከኋላ ፍትዓለም፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፦
«ቲቸር፣ መች ሰፋና? ያው ነው እኮ መጠኑ፤
እዚያው ውስጥ ታፈገ ውሃው በየጎኑ!»

ታፈገ አለች።
እፍጋት የሚለውን ገና ከአፌ አላወጣሁም።

ለካ በዚያች ሰዓት ሱፐርቫይዘሩ
ባዶ ክፍል ከፍቶ ይሞላል በብዕሩ፦
የመርጃ መሣሪያ፦ የለም።
የተግባር ሥራ፦ አልታየም።
መምህር፦ በክፍል አልተገኙም።

ማታ ፈረምኩለት።
ከእጅጌዬ የወጣ እርጥብ የደንገል ልጥ
ወረቀቱ ላይ ቀረ፣
«አልታየም» ከሚለው ጎን።
ለእሱ የሚሆን ሳጥን ቅጹ አልነበረውም።
እፍ አለው።
ከብዷል፤ አልተነሳም።