ጓጉንቸር

ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ፣
ጓጉንቸር ይዛ መጣች አንጓች፣ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ማታ።
«የቱን በር ልትቆልፊ ነው?» አልኳት፤
«የሚመጣውን» አለች፤ ቁልፏን ከማተቧ ጋር ቋጠረቻት።

ከዚያ ወዲህ አራት ክረምት፣
ደመወዝ በወጣ ማግስት፣
እኔ የዓሣ ጥብሱን ሽታ ትንፋሼን ይዤ አልፌ፣
ለዝግ ሂሳቡ ባንክ ደጅ ተሰልፌ፤
እሷ ጓጉንቸሩን ዘይት ስትቀባ፣
የጣና እርጥበት ዝገት ይዞ እንዳይገባ።

የማኅበራችን ጸሐፊ በየዓመቱ ይደውላል፤
«ቅድመ ክፍያው ትንሽ ከፍ ብሏል» ይላል።
የእሱ ትንሽ፣ የእኛን የሁለት ዓመት ቁጠባ ያህላል።

ትናንት የሽምብጧ አከራያችን ኪራይ ጨምራ ስትወጣ፣
ልጃችን ጓጉንቸሩን ቆለፈው፣ ከሳጥን አውጥቶ በቁጣ።
አንጓች ምንም አላለች፤
ክሩን ከአንገቷ ሳበች።
ቀጭ።
አልዛገም።